ዛፉ የማን ነው? የአየር ንብረት መመሪያ ከጽሕፈት ቤት ወደ ማሳ ሲወርድ

የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የሚወጣ መመሪያ በየትኛውም አገር ቢሆን የሚረቀቀው በዋናው ከተማ ነው፤ የሚፈተነው ግን ገበሬው በሚያርሰው ማሳ፤ ከብት በሚሰማራበት ኮረብታና እናቶች ማገዶ በሚለቅሙበት ጫካ ነው። በ2015 በፓሪስ ከተማ በተደረሰው ስምምነት መሠረት የዓለም መንግሥታት እያንዳንዳቸው ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ የሚገልጽ ዕቅድ በየአምስት ዓመቱ ያቀርባሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የ2027ቱን የመንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ በ2025 ስለ ተወሰነ፤ በእነዚህ ዕቅዶች ላይ የሚደረገው ክርክር ወደ ደጃችን ሊመጣ ነው። ስለሆነም ሌሎች አገሮች ያወጡትን መመሪያ በገጠር እንዴት እንደ ሠሩበት፤ የት እንደ ተሳካላቸውና የት እንደ ተሰናከሉ ማወቁ ለእኛም ይጠቅማል።

ሥራው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው አየሩን የሚያሞቀውን ጋዝ መቀነስ ነው፤ ይኸውም የከሰልና የነዳጅ ጭስን ማሳነስ፤ ደን እንዳይመነጠር መጠበቅ፤ የተመነጠረውንም መልሶ ማልማት ነው። ሁለተኛው፤ መምጣቱ ያልቀረውን ድርቅ፤ ጎርፍና ማዕበል ሕዝቡ ሳይጎዳ ወይም በጥቂቱ ተጎድቶ እንዲያልፈው ማዘጋጀት ነው። በጉባኤ አዳራሽ እነዚህ ሁለቱ በየራሳቸው ኮሚቴና በየራሳቸው በጀት ይመከርባቸዋል። በገበሬው ማሳ ግን አንድ ላይ ይገናኛሉ። በማሳ መካከል የቆመ ዛፍ ከአየሩ ካርቦን ይስባል፤ በዚያው ጊዜም አፈሩን ይይዛል፤ ለከብት መኖና ጥላ ይሆናል፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ተሽጦ እህል ይገዛበታል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ታዲያ በብዙ አገር ዛፉ ሳይቆም የቀረው ለምንድን ነው? ነገሩ ሲመረመር ሁለት ጥያቄዎች ይወጣሉ፦ ዛፉ የማን ነው? እስኪያድግስ ድረስ ቤተሰቡ ምን ይበላል?

በኒጀር ከአፈር በታች የነበረው ጫካ

ኒጀር አብዛኛው መሬቷ በረሃ የሆነ የምዕራብ አፍሪካ አገር ናት። ሕዝቧ በብዛት የሰፈረው ዝናብ በሚያገኘው በደቡቡ ጠርዝ ሲሆን፤ በዚያም በማራዲና በዚንደር አውራጃዎች የሐውሳ ገበሬዎች ማሽላና ዳጉሳ መሰል እህል ያመርታሉ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የሳሕልን አገሮች የመታው ድርቅ፤ በአገራችን የወሎን ሕዝብ ከፈጀው ረሃብ ጋር በአንድ ዘመን የደረሰ ነበር። በ1984ም እንደ እኛው ዳግመኛ ተመትታለች።

ከመጀመሪያው ድርቅ በኋላ መንግሥትና የውጭ ረድኤት ድርጅቶች ችግኝ እያፈሉ መትከል ያዙ። በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተተከለ። ከተተከለው አብዛኛው ደረቀ፤ ከድርቅ የተረፈውን ፍየል በላው፤ ከፍየል የተረፈውንም ሰው ቆረጠው። ይህን ያዩ ባለሙያዎች ገበሬው የዛፍን ጥቅም አላወቀም ብለው ትምህርት እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረቡ። ገበሬው ግን የሚያውቀው ሌላ ነገር ነበር። የፈረንሣይ ቅኝ ገዢዎች በ1935 ያወጡትና አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላም ሳይሻር የቀጠለው የደን ደንብ ዛፍን የመንግሥት ንብረት ያደርግ ነበር። በገዛ ማሳው የበቀለውን ዛፍ ያለ ፈቃድ የቆረጠ ሁሉ በደን ጠባቂዎች ይቀጣል። እንዲህ ከሆነ በማሳ ውስጥ ዛፍ ማሳደግ ከጠባቂ ጋር የሚያጋጭ ጣጣ ማሳደግ ነው፤ ገና ቀንበጥ ሳለ መንቀሉ ከሁሉ ይቀላል።

በማራዲ አካባቢ በችግኝ ተከላ ሥራ ተሠማርቶ የነበረው አውስትራሊያዊው የእርሻ ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ፤ በ1983 አንድ ነገር ልብ አለ። በየማሳው ቁጥቋጦ እየተባለ በየዓመቱ ለእርሻ የሚመነጠረው አረም ሳይሆን ቀድሞ ከተቆረጡ ዛፎች ጉቶ የሚያቆጠቁጥ ቀንበጥ ኖሯል። ሥሩ አልሞተም። ለካስ ችግኝ ማፍላት፤ ውሃ ማመላለስና አጥር ማጠር ሳያስፈልግ ጫካው ከአፈር በታች ሆኖ ይጠብቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የተጀመረው ዘዴ እንዲህ ነው። ገበሬው ማሳውን ሲያዘጋጅ ሊያስቀራቸው የሚፈልጋቸውን ጉቶዎች ይመርጣል። ከእያንዳንዱ ጉቶ ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች መካከል ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ሦስት እስከ አምስት ያህል ትቶ ሌላውን ይመለምላል። የተመለመለው ለማገዶ ይሆናል፤ ቅጠሉ መሬት ላይ ይቀራል ወይም ለከብት ይሰጣል። በየዓመቱ አንድ ሁለቱን እየቆረጠ ሲጠቀምበት አዲስ ቀንበጥ ይተካል። ቢላዋና መጥረቢያ ላለው ገበሬ ሌላ ወጪ የለበትም።

አጀማመሩ ግን ቀላል አልነበረም። ጎረቤት ማሳውን ንጹሕ አድርጎ ሲያርስ ዛፍ ያቆመው ገበሬ መሳቂያ ይሆናል፤ የቆመውንም ዛፍ ሌሊት ሌላ ሰው ይቆርጥበታል። በ1984 ድርቁ ሲጠና፤ ጉቶ ለሚንከባከቡ ገበሬዎች ምግብ ይሰፈርላቸው ጀመር። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ገባበት። እህል መስፈሩ ሲያቆም ደግሞ ከተጠበቁት ዛፎች ብዙዎቹ ተመልሰው ተቆረጡ። ነገር ግን ሁሉም አልቆረጠም። ያልቆረጡት በተከታዮቹ ዓመታት ማገዶና እንጨት ሲሸጡ፤ እህላቸውም ከአሸዋማ ነፋስ ሲተርፍ የቆረጡት አዩ። የማራዲ የደን ኃላፊዎችም ገበሬው በማሳው ያሳደገውን ዛፍ ሲቆርጥ እንዳይቀጣ ደንቡን ላላ አደረጉት። ደንቡ ሲላላ ሥራው ከመንደር ወደ መንደር፤ ከገበሬ ወደ ገበሬ ያለ ሰባኪ ተዛመተ።

በ2000ዎቹ ዓመታት ሆላንዳዊው ተመራማሪ ክሪስ ሬይ ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት ባለሙያዎች ጋር የድሮውንና የአዲሱን የአየርና የሳተላይት ፎቶግራፍ ሲያስተያዩ፤ በደቡብ ኒጀር 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት ዛፍ መልሶ እንደ ለበሰ አረጋገጡ። ይህ 50 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የዛፎቹን ብዛት 200 ሚሊዮን ገደማ ገምተውታል። ይህን ያህል ለውጥ ሲካሄድ በዋናው ከተማ በኒያሜ ያወቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ከዛፎቹ መካከል የሐውሳ ገበሬ አብልጦ የሚወደው «ጋኦ» የሚባለውን ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በምሥራቅ ሸዋና በሐረርጌ ገበሬዎች በማሳቸው ውስጥ ሲያቆዩት የኖሩት ገርቢ ነው። ገርቢ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ዛፍ በመሆኑ እህሉን በብርሃን አይሻማም፤ በሥሩ ያለውም አፈር ስለሚዳብር አዝመራው ከሌላው ያምራል። ፍሬው ደግሞ ለከብት መኖ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ለማወቅ ሳተላይት አላስፈለጋቸውም።

የኒጀር መንግሥት በሕግ ላይ ያደረገው ማሻሻያ አዝጋሚ ነበር። የ1993ቱ የገጠር ሕግና የ2004ቱ የደን ሕግ መንገዱን ጠረጉ፤ ገበሬው በማሳው ያሳደገው ዛፍ የራሱ መሆኑን በግልጽ የሚደነግገው አዋጅ የወጣው ግን በ2020 ነው። ሥራው ከተጀመረ ከ35 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በዚህም ቢሆን ሁሉም ሰው እኩል አልተጠቀመም። በበጋ ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚመጡ አርብቶ አደሮች ድሮ የማንም ያልነበረው ቅርንጫፍ አሁን ባለቤት አግኝቶ ይጠብቃቸዋል፤ በዚህ ሳቢያ የሚነሣውም ጠብ የማራዲና የዚንደር ሽማግሌዎች የዘወትር ሥራ ነው። ዛፉ የገበሬው ሲሆን የእረኛው ድርሻ ምን ይሁን የሚለውን የሚመልስ አዋጅ ለመጻፍ ይበልጥ ያስቸግራል።

ቻይና፦ ዳገቱን ተው፤ እህሉን እንሰጥሃለን

የቻይና አካሄድ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው፤ ከላይ በታዘዘ ሥራ የተከናወነ ነው። በ1998 የያንግትዜ ወንዝ ሞልቶ ከሦስት ሺሕ በላይ ሰው ሲሞትና በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሲሆን፤ መንግሥቱ ጥፋቱን ከወንዙ መነሻ ካለው የደን ጭፍጨፋና ከዳገት እርሻ ጋር አያያዘው። አፈሩ ታጥቦ ደለል ሆኖ የወንዙን አልጋ ይሞላል፤ የሞላውም ወንዝ በቆላው መንደር ላይ ይፈስሳል። በዓመቱ በ1999 በሲቹዋን፤ በሻንሺና በጋንሱ ክፍለ ሀገሮች አዲስ ፕሮግራም ተጀመረ። ዓላማውም ከ25 ዲግሪ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት ከእርሻ ወጥቶ ወደ ደን ወይም ወደ ሣር እንዲመለስ ነው።

የፕሮግራሙ ፍሬ ነገር ስለ ደን ከተጻፈው ይልቅ ስለ እህል የተጻፈው ነው። ዳገቱን ለለቀቀ ገበሬ በያንግትዜ ተፋሰስ ለአንድ ሄክታር በዓመት 22 ኩንታል ተኩል እህል፤ በቢጫ ወንዝ ተፋሰስ ደግሞ 15 ኩንታል እንዲሰጠው ተወሰነ። በተጨማሪም በሄክታር 300 ዩዋን ገንዘብና የችግኝ መግዣ ተመደበለት። ለደን ዛፍ 8 ዓመት፤ ፍሬ ለሚሰጥ ዛፍ 5 ዓመት፤ ለሣር 2 ዓመት ይከፈላል። በብዙ ቦታ ከዳገት ላይ የሚገኘው ምርት ከዚህ ያንስ ስለነበር ገበሬው የሚያመነታበት ምክንያት አልነበረውም። መንግሥትም በዚያን ጊዜ ጎተራው ሞልቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ነበር። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የተራረፈ እህል የሌለው አገር ይህን ፕሮግራም እንዳለ ልቅዳው ቢል አይሆንለትም።

ከ30 ሚሊዮን የሚበልጥ የገበሬ ቤተሰብ በዚህ ሥራ ተካፍሏል። ወጣቶቹ ከዳገት ሥራ ሲላቀቁ ወደ ከተማ ፋብሪካዎች ሄዱ፤ የሚልኩትም ገንዘብ የቤተሰቡን ኑሮ ደገፈ። የዚህን ሥራ ውጤት በነፋስ በተከማቸ ቢጫ አፈር በተሸፈነውና ለዘመናት በጎርፍ በተቦረቦረው የሎዌስ አምባ ላይ ማየት ይቻላል። በዚያው አካባቢ ከ1994 ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር የተካሄደ ሌላ ፕሮጀክት ነበረ፤ የመሬቱ ሜዳማ ክፍል በሰፊ እርከን ተስተካክሎ ለእህል፤ ዳገቱ ለዛፍና ለሣር ተለይቶ፤ ፍየልና በግ በየሜዳው መልቀቅ ተከልክሎ፤ መኖ እየታጨደ በበረት እንዲመገቡ ተደርጓል። እርከኑ ላይ የሚገኘው ምርት ከፍ ስላለ የፍየሉ ክልከላ ተቀባይነት አገኘ። መጀመሪያ ፍየሉ ተከልክሎ እርከኑ በኋላ ይመጣል ቢባል ኖሮ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

ጉድለቱም ትልቅ ነበር። ከላይ የተሰጠውን ኮታ ለመሙላት የሚሽቀዳደሙ የበታች ሹማምንት ዝናቡ ለዛፍ በማይበቃበት ደረቅ አገር ዛፍ አስተከሉ፤ በየቦታውም አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተተከለ። አንዳንድ ጊዜ ክፍያው ዘገየ፤ አንዳንዴም ጎደለ። በ2004 እህሉ በገንዘብ ተለወጠ፤ በ2007 ደግሞ የአገሪቱ የእርሻ መሬት እያነሰ ነው በሚል ሥጋት አዲስ መሬት መቀበል ቆመ፤ በ2014 እንደገና ተጀመረ። በ2016 የወጣ የተመራማሪዎች ጥናት፤ በሎዌስ አምባ የተተከለው ዕፅዋት የአካባቢውን ውሃ እየጠጣ ስለሆነ ከዚህ በላይ ቢጨመር ለሰው የሚቀረው ውሃ ያንሳል ሲል አስጠንቅቋል። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ውሃ ያመጣል የሚባለው አባባል በደረቅ አገር እንደማይሠራ ከዚህ ይታያል።

በኮስታ ሪካ ደን እንደ ሰብል ዋጋ ሲያወጣ

በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው ትንሿ ኮስታ ሪካ ደኗን ለከብት ግጦሽ መንጥራ ጨርሳው ነበር። በ1980ዎቹ ከአገሪቱ መሬት ሩብ ያህሉ ብቻ በደን ተሸፍኖ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ ከግማሽ በላይ ሆኗል። በ1996 የወጣው የደን ሕግ ደንን ወደ ሌላ ጥቅም ማዞርን ከለከለ፤ ከልክሎ ግን አላበቃም። ባለመሬቱ ደኑን በመጠበቁ ለሌላው ሰው አራት አገልግሎት እንደሚሰጥ አወቀለት፦ ካርቦን ይይዛል፤ ውሃ ይጠብቃል፤ አራዊትና ዕፅዋት ያኖራል፤ አገር ያስውባል። ለእነዚህ አገልግሎቶች ከ1997 ጀምሮ በውል ገንዘብ ይከፈለዋል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው በነዳጅ ላይ ከተጣለው ግብር ነው፤ መኪናውን የሚነዳው የከተማ ሰው ለደኑ ጠባቂ ይከፍላል ማለት ነው። የከብት ሥጋ ዋጋ መውደቁም እንደ ረዳ ሳይነገር ማለፍ አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውል ለመግባት የመሬት ባለቤትነት ማስረጃ ይጠየቅ ስለነበር፤ ክፍያው ወደ ሰፋፊ ባለመሬቶች አዘነበለ። ማስረጃ የሌለው ትንሽ ገበሬ ደኑን እየጠበቀ ክፍያውን ሌላው ሲወስድ ያይ ነበር። በኋላ ደንቡ ተሻሽሎ የተጣራ ማስረጃ የሌላቸውም እንዲገቡ ተደርጓል።

ባንግላዴሽ፦ ሰዉ ሲሸሽ ላሟስ?

እስካሁን የተነገረው ስለ ዛፍ ነው። ለመጣ አደጋ መዘጋጀት ሲባል ግን ከባንግላዴሽ የበለጠ የሚያስተምር አገር ጥቂት ነው። እዚያም ቢሆን ነገሩ የተፈታው በንብረት ጥያቄ ነው።

በኅዳር 1970 የዛሬዋን ባንግላዴሽ የባሕር ዳርቻ የመታው አውሎ ነፋስ ከ300 ሺሕ እስከ 500 ሺሕ የሚገመት ሰው ፈጀ። በ1972 አዲሱ መንግሥት ከቀይ መስቀል ጋር ሆኖ የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት ፕሮግራም አቋቋመ። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ተመለመሉ፤ የድምፅ ማጉያና በእጅ የሚዞር ጡሩምባ ተሰጣቸው፤ የአደጋው ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት ባንዲራ እየሰቀሉ ሕዝቡን እንዲያስጠነቅቁ ተደረገ። ሆኖም በ1991 ሌላ አውሎ ነፋስ ሲመጣ 138 ሺሕ ያህል ሰው አለቀ። ማስጠንቀቂያው ተሰምቶ ነበር። ነገር ግን መጠለያው ጥቂት ነበር፤ ብዙ ሴቶችም ባል በሌለበት ከቤት መውጣትን፤ በወንድ በተጨናነቀ አዳራሽ ማደርንም ፈርተው ቀሩ። ከሞቱት የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሌላው ምክንያት ከብት ነው። አንዲት ላም የቤተሰቡ ጠቅላላ ሀብት በሆነችበት መንደር «ላሟን ትተህ ሽሽ» የሚለውን ምክር የሚሰማ ጥቂት ነው፤ ይህን ለእኛ አገር ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ የተሠሩት መጠለያዎች በሰላሙ ጊዜ ትምህርት ቤት ሆነው የሚያገለግሉ በምሰሶ ላይ የቆሙ የኮንክሪት ቤቶች ናቸው፤ ለሴቶች የተለየ ክፍልና መጸዳጃ ተሠራላቸው። ለከብቶችም «ኪላ» የሚባል ከማዕበሉ በላይ ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተደለደለ። ከበጎ ፈቃደኞቹም ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ ተደርጎ ዛሬ ቁጥራቸው 76 ሺሕ ደርሷል። በ2007 የመጣው ሲድር የተባለው አውሎ ነፋስ ከባድ ነበር፤ የሞተው ሰው ግን 3 ሺሕ 400 ያህል ነው። በ2020 አምፋን ሲመጣ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ አስቀድሞ ተዛውሮ፤ የሞተው በአሥር የሚቆጠር ሆኗል። ይሁን እንጂ ነፍሱን አትርፎ የተመለሰው ገበሬ የሚያገኘው በባሕር ጨው የተበላሸ ማሳ ነው። ሰውን ከሞት ማዳን ተችሏል፤ መሬቱን ከጨው ማዳን ገና ያልተቋጨ ሥራ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የእኛ አገር የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራ ከእነዚህ ከአብዛኞቹ ይቀድማል። በ1980ዎቹ በዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ በወሎ፤ በትግራይ፤ በሸዋና በሐረርጌ ደጋዎች በምግብ ለሥራ የተከናወነው የእርከን ሥራ በአፍሪካ በስፋቱ የሚጠቀስ ነበር። የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። እርከን ተሠራ፤ ኮረብታ ተከለለ፤ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ለሁለተኛው ጥያቄ፤ ማለትም ቤተሰቡ ምን ይበላል ለሚለው፤ መልስ ነበረው። ለመጀመሪያው ግን አልነበረውም። የተከለለው ኮረብታ ሣር የማን እንደ ሆነ፤ ዛፉስ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው የሚያውቅ አልነበረም። ገበሬው «የመንግሥት ዛፍ» ይለው ነበር። በ1990 የኢኮኖሚው መመሪያ ሲለወጥና በ1991 መንግሥቱ ሲወድቅ፤ በብዙ ቦታ ለዓመታት የተደከመበት ደን በጥቂት ሳምንት ተመነጠረ፤ እርከኑም እየፈረሰ ድንጋዩ ተወሰደ። ይህን የሠራው ለሥራው ስንዴ ሲቀበል የነበረው ገበሬ ራሱ ነው፤ በሥራው አልናቀም፤ የእኔ ነው ያላለውን ግን አልጠበቀም።

የኒጀር ተሞክሮ በቀጥታ የመጣው ወደ ወላይታ ነው። ከሶዶ ከተማ በስተ ደቡብ በሚገኘው በሁምቦ ወረዳ የተራቆተው ተራራ 2 ሺሕ 728 ሄክታር ያህል ተከልሎ፤ ቶኒ ሪናውዶ በማራዲ ያየው ዘዴ ተሠራበት። እዚያም ጉቶው አልሞተም ነበር። አብዛኛው ደን ችግኝ ሳይተከል ከጉቶ አቆጠቆጠ። መጀመሪያ ላይ የአካባቢው ሰዎች ተራራው ሊወሰድብን ነው ብለው ሠግተው ነበር። ሥጋቱ የተነሣው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በተራራው የመጠቀም መብት በእነሱ ስም በጽሑፍ ሲሰጣቸው ነው። ፕሮጀክቱ በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ መዝገብ ገባ፤ በአፍሪካ ከዚህ ዓይነቶቹ ሰፋፊ የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ880 ሺሕ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል ተብሎ ታቅዷል። ከሽያጩም የተገኘው ገንዘብ ለማኅበራቱ የጋራ ሥራ ውሏል። በአባላቱ ዘንድ ግን ከካርቦኑ ገንዘብ ይልቅ በየዓመቱ ከተራራው እያጨዱ የሚወስዱት ሣርና ከምልመላው የሚያገኙት ማገዶ ቶሎ የሚታይ ጥቅም ነው። ካርቦን በዓይን አይታይም፤ ሂሳቡም ሩቅ አገር ነው የሚሠራው።

በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የምግብ ለሥራውን ልማድ አሻሽሎ ይዞታል። ሥራው የሚመረጠው ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በሚወጣ የተፋሰስ ዕቅድ ነው፤ ክፍያውም አደጋ እስኪደርስ ሳይጠበቅ በየዓመቱ በታወቁ ወራት በእህል ወይም በገንዘብ ይሰጣል። በመሬት ይዞታ ረገድ ደግሞ ትግራይ በ1998 የጀመረችው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቶ፤ በአማራ ክልል የተካሄደ ጥናት ደብተር የያዙ ገበሬዎች በእርከን ሥራና ጥገና ላይ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚደክሙ አሳይቷል። ይህ ግን በግል ማሳ ነው። ኮረብታው የጋራ ነው፤ ችግሩም እዚያ ይበረታል።

በ2019 በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ዘመቻው ሲቀጥል በይፋ የሚነገረው የተተከለው ቁጥር ነው። የኒጀር የመጀመሪያ ዓመታት እንደሚያሳዩት ግን ሂሳቡ መቆጠር ያለበት በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት ነው። በ2018 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን መኖሩን በሕግ አውቋል። ስለዚህ ሕጉ አለ። በየቀበሌው ኮረብታ ችግኝ ከመተከሉ በፊት ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፤ በስንተኛው ዓመት ማን እንደሚመለምል፤ አጣናው ሲሸጥ ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ፤ የጎረቤት ቀበሌ ከብት ቢገባ ዳኛው ማን እንደሆነ ተጽፎ በሕዝብ ፊት ሊነበብ ይገባል። ከብት የሚያረቡትም በዚያ ስብሰባ ላይ ሊጠሩ ይገባል። በሁምቦ ይህን የሚወስነው ማኅበራቱ ራሳቸው በሚያወጡት መተዳደሪያ ደንብ ነው።